የጅማ በርጩማ በስክሪን ላይ፦ ስለ ዲጂታል ኪውሬቲንግ

ዲጂታል ኪውሬቲንግ የጥበብ ሥራን መርጦ፣ አደራጅቶና አብራርቶ በኢንተርኔት ለተመልካች ማቅረብ ነው። ፎቶ አንስቶ መልቀቅ ብቻ አይደለም። ኪውሬተሩ የቱ ዕቃ ከየቱ ጋር እንደሚታይና ምን እንደሚባልለት ይወስናል። ትልቁ ሥራም እዚህ ላይ ነው።

ትልልቆቹ ሙዚየሞች ከገቡበት ቆይተዋል። የጉግል አርት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2011 በ17 ሙዚየሞች ጀመረ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 375,000 የሚጠጉ ምስሎችን ማንም በነፃ እንዲጠቀምባቸው ለቀቀ። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ደግሞ የሬምብራንትን «የሌሊቱ ዘብ» በ717 ቢሊዮን ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩ ጥቃቅን ነጥቦች) አንስቶታል። የቀለሙ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል።

ከመጀመሪያውም ለኢንተርኔት የተሠሩ የጥበብ ሥራዎችም አሉ። የኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም «አርትፖርት» የተባለ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያስተናግዳቸዋል። እነዚህን ማቆየት ከባድ ነው። በድረ ገጽ ላይ ተንቀሳቃሽ ምስል ያሳይ የነበረው የፍላሽ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲቋረጥ፣ በእሱ የተሠሩ ብዙ ሥራዎች በተለመደው ብሮውዘር አልከፈት አሉ።

ወደ ጅማ እንምጣ። በከተማው ሙዚየም የጅማ ንጉሥ የነበሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎች አሉ። የጅማ በርጩማም በየቤቱ የሚታወቅ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ ሚስማርም ሙጫም የለውም። ከፊት ለፊት በተነሳ አንድ ፎቶ ግን ይህ አይታይም። መቀመጫው እንዴት እንደጎደጎደ፣ የመጥረቢያው ምልክት ከሥሩ የት እንደቀረ ለማየት ዕቃው መዞር አለበት። መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ዙሪያውን፣ ከላይም ከታችም በርካታ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ኮምፒውተር ፎቶዎቹን አገጣጥሞ በጣት የሚዞር ሞዴል ይሠራል። ደህና ካሜራ ያለው ስልክ ይበቃል።

መግለጫው ግን ከፎቶው በላይ ልፋት ይጠይቃል። ማን ጠረበው? ከምን እንጨት? ማን ይቀመጥበት ነበር? ይህን የሚያውቁት ጠራቢዎቹና ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ቀድሞ መጠየቅ ያለባቸውም እነሱ ናቸው። ጽሑፉም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መሆን አለበት። በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ባለቤቱ አያነበውም።

ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ይህ ሥራ በጣም ያስፈልገዋል። በአብዛኛው የእንጨት ሥራ ነው፤ ጅማ ደግሞ ዝናብ አይጠፋትም። በሌዘር ቢለካ፣ ነገ አንድ ምሰሶ ቢበሰብስ ጠጋኙ ልኩን ያገኛል።

ለስልክ የሚሆን ቀለል ያለ ምስልም ይዘጋጅ፤ ዳታ ውድ ነው። ዋናው ፋይል ሁለት ሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከከተማው ውጭ ቢሆን ይመረጣል። በየዓመቱ ፋይሉ መከፈቱን የሚያጣራ ሰውም ይመደብ፤ ደመወዙም በበጀት ይያዝለት።