የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክበባት፦ ከሚኒ ሚዲያው ክፍል እስከ ሰኔ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የትምህርት ቤቱ በር ተከፍቷል። ተማሪው ሁለትም ሦስትም እየሆነ ይገባል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ ክላሲካል ይለቀቃል። ከዚያ አንዲት ልጅ «እንደምን አደራችሁ፣ ውድ የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ» ትላለች። ድምፅዋ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ይህቺ ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልትሆን ትችላለች።

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ሚኒ ሚዲያ ይባላል። ተጓዳኝ ክበባት ከሚባሉት ሁሉ የታወቀው እሱ ነው። ከእሱ ሌላ የቀይ መስቀል፣ የፀረ ኤድስ፣ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር፣ የሥርዓተ ፆታ፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የትራፊክ ደኅንነት፣ የሳይንስና ሒሳብ፣ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ የቴአትርና ሙዚቃ ክበባት አሉ። ስማቸውና ቁጥራቸው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። አሠራራቸው ግን በጣም ይመሳሰላል።

ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምዝገባ ይወጣል። የክፍል አለቃው ወረቀት ይዞ ይዞራል፣ ተማሪው ስሙንና የመረጠውን ክበብ ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ክበብ ተጠሪ መምህር ይመደባል። ተማሪዎቹ ደግሞ ሰብሳቢ፣ ምክትል፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ የዓመት ዕቅድ ይወጣል፣ ሪፖርት ይቀርባል። ልብ ብሎ ላየው ይህ የእድር መዋቅር ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ አባቱና እናቱ በየወሩ የሚቀመጡበትን ስብሰባ እዚህ በገዛ እጁ ይለማመደዋል። አጀንዳ እንዴት እንደሚያዝ፣ ተራ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ የተዋጣ ብር እንዴት እንደሚወራረድ ከየትኛውም መጽሐፍ በተሻለ የሚገባው እዚህ ነው።

የክበባቱን ስም ዝርዝር በደንብ ያነበበ ሰው አገሪቱ በየዘመኑ ምን ሲያስጨንቃት እንደኖረ ያነባል። በንጉሡ ዘመን፣ በተለይ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ ክርክር፣ ቴአትር፣ ስፖርትና ስካውት የተማሪ ሕይወት አካል ነበሩ። በ1930ዎቹ የተከፈቱት የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እና ጄኔራል ዊንጌት ከእነዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ናቸው። ደርግ ሲመጣ ነገሩ መልኩን ቀየረ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ገጠር ወረዱ። በኋላም ወጣቱ የሚደራጀው በአኢወማ፣ ማለትም በአብዮታዊ ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ሥር ሆነ። መድረኩን የያዘው ኪነት፣ ማለትም የአብዮቱ ዘፈን፣ ጭፈራና ቴአትር ነበር።

ዛሬ የምናውቃቸው ክበባት አብዛኞቹ የተስፋፉት ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ነው። ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር የትምህርት ዓይነት ሲሆን ክበቡም አብሮት መጣ። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱ ተቋቋሙ። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ሲመሠረት ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤቶችም ወረደ፣ የሥነ ምግባር ክበባት ሥራ ሆነ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ክረምት ላይ አረንጓዴ አሻራ የሚባል ትልቅ ሥራ አገኘ። ቀይ መስቀል ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል። ማኅበሩ ራሱ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፣ ጣሊያን ሊወረን ጥቂት ወራት ሲቀሩት።

ከፀረ ኤድስ ክበብ የበለጠ ሥራ የሠራ ክበብ አለ ብዬ አላምንም። ጊዜውን ያስታወሰ ይረዳኛል። በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር። አስተማሪ ክፍል ውስጥ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት መናገር ያፍር ነበር። ቤት ውስጥማ ጭራሽ አይነሳም። ያን ጊዜ ተማሪው ራሱ ድራማ ጽፎ ሰልፍ ሜዳ ላይ ሠራው። «መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም» የሚሉት ቃላት በሚኒ ሚዲያ ተነገሩ፣ ግድግዳ ላይ ተጻፉ። ሻማ ተበራ። ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች እዚያው ሰልፍ ውስጥ ቆመው ነበር። የክበቡ አባላት ሳንቲም አዋጥተው ደብተር የሚገዙላቸው ለእነዚያ ልጆች ነበር፣ ማን እንደሆኑ ሳይነገር። አሁን ወሬው ቀዝቅዟል፣ ክበቡም በብዙ ቦታ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ያሳስበኛል። ቫይረሱ አልሄደም።

የክበባት ወር ኅዳር ነው። ኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀን ነው። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ነው፤ ያን ቀን ግቢው በሐበሻ ቀሚስ፣ በጎፋና በወላይታ ጥለት፣ በኦሮሞ ባህል ልብስ ይሞላል፣ ጭፈራው የሙዚቃ ክበቡ ሥራ ነው። በማግስቱ ኅዳር 30 የፀረ ሙስና ቀን ይከተላል። ጥያቄና መልስም ብዙ ጊዜ ከነዚህ በዓላት ጋር ይያያዛል። ውድድሩ በክፍሎች መካከል ይጀምራል። ያሸነፈው ቡድን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ይገናኛል፣ ቀጥሎም ወረዳና ክፍለ ከተማ ይደርሳል። ሽልማቱ መዝገበ ቃላት ወይም አንድ ደርዘን ደብተር ነው። ግን የክፍሉ ጩኸት ከኳስ ሜዳ አያንስም። ከዚያ ጥር ሲመጣ የሴሚስተር ፈተና ይደርሳል፣ ሁሉም ጸጥ ይላል።

ሁሉም ስል አንዱን ሳይጨምር ነው። በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ለሥርዓተ ፆታ ክበብ (አንዳንድ ቦታ የልጃገረዶች ክበብ ይባላል) ጥር ጆሮ የሚቆምበት ወር ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም የሠርግ ወቅት ነው። የጋብቻ ዕድሜ በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ነው። ሕጉ ግን በራሱ ቤት ለቤት አይሄድም። አንዲት ልጅ ሊድሯት እንደሆነ መጀመሪያ የምትነግረው ከጎኗ ለምትቀመጠው ጓደኛዋ ነው። ጓደኛዋ ለክበቡ፣ ክበቡ ለተጠሪ መምህርቷ፣ መምህርቷ ለርዕሰ መምህሩና ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ትናገራለች። በዚህ ሰንሰለት ድግሱ ተጠንስሶ የቀረ ሠርግ አለ። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ደግሞ ወንበሯ ባዶ ይቀራል።

የዚህ ክበብ የዘወትር ሥራ ከዚህ የረጋ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ያለው የወረዳ ከተማ ላይ ነው። የገጠር ልጆች ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤታቸው ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ያለ እናት ያለ አባት ከተማ ላይ ቤት ይዛ ትኖራለች ማለት ነው። ክበቡ ለእሷ ታላቅ እህት ይሆናታል። ሌላው የወር አበባ ነው። ሞዴስ መግዛት ያልቻለች ልጅ በዚያ ሰሞን ትቀራለች። ስለዚህ ክበባቱ ሞዴስ ያሰባስባሉ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ለምነው ውኃ፣ ሳሙናና አልጋ ያስገባሉ። የዚያች ክፍል ቁልፍ የሚገኘው ከአንዲት ሴት መምህር ኪስ ነው። ሁሉም ሴት ተማሪ ያውቃታል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የትራፊክ ክበብ አባላት አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ «ቁም» የሚል ምልክት ይዘው ሕፃናትን ያሻግራሉ። ቀይ መስቀሎች ሰልፍ ላይ ራሱን የሳተ ተማሪ ሲኖር ተሸክመው ይሮጣሉ። የአካባቢ ጥበቃዎቹ ጎመንና ሰላጣ ያለማሉ፣ ለመምህራን ይሸጣሉ፣ በገቢው አቅም ለሌላቸው ዩኒፎርም ይገዛሉ። የሳይንስ ክበቡ የሠራውን ሞዴል በዓመት አንዴ ጠረጴዛ ላይ ያወጣል፦ ከጣውላና ከሲሪንጅ የተሠራ ክሬን፣ ከካርቶን የተሠራ ቤት አምፖሉ የሚበራ። ግድግዳው ላይ ያለው የሰው ልብ ሥዕልም በሥዕል ክበቡ ልጆች እጅ የተሣለ ነው።

አሁን ወደ ሚኒ ሚዲያ ልመለስ፣ የምወደው እሱን ነው። ዕቃው ጥቂት ነው፦ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ሁለት ማይክ፣ ፍላሽ የሚቀበል ማጫወቻ፣ ለበዓል የሚወጣ ሞንታርቦ። ክፍሉ ብዙ ጊዜ ከደረጃ ሥር ወይም ከመጋዘን ተቀንሶ የተሰጠ ነው። ፕሮግራሙ ዜና፣ ግጥም፣ «ይህን ያውቁ ኖሯል?»፣ የጠፋ ደብተር ማስታወቂያና የልደት መልካም ምኞት አለበት። ጽሑፉ ከመነበቡ በፊት ተጠሪ መምህሩ ያየዋል። የፍቅር ዘፈን ይከፈት አይከፈት የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ መምህሩ ያሸንፋል። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በአካባቢው ቋንቋ የየራሱ ቀን ይመደባል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቀኑ ሁሉ ዝም ይላል።

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የክፍል ውጤቱ ከመጨረሻዎቹ የሆነ ልጅ ነበር። ሽቦ መቀጠል ግን ይችል ነበር። ማይኩ በተበላሸ ቁጥር ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ እሱን ያስጠሩት ነበር። ከክፍል ወጥቶ ሲሄድ አረማመዱ ሌላ ነበር። ያን አረማመድ እስካሁን አልረሳሁትም።

እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተዘረዘሩት ክበባት ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ብቻ ናቸው። ምክንያቱን መምህራን ያውቁታል። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የጠዋቱን ተማሪ ሳያስወጣ የከሰዓቱን ማስገባት አይችልም። ታዲያ ክበቡ መቼ ይሰብሰብ? ከ60 በላይ ተማሪ የያዙ ክፍሎች የሚያስተምር መምህር ለክበቡ ትርፍ ሰዓት አይከፈለውም፤ በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ጥቂት ነጥብ ያገኝበት ይሆናል። በጀቱም ትንሽ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ የድጎማ ገንዘብ መሰጠት ተጀምሯል። ከዚያ ገንዘብ ላይ ግን ጠመኔም፣ መቀመጫም፣ መጽሐፍም እኩል እጃቸውን ይዘረጋሉ። ስለዚህ በሕይወት የሚቆየው ክበብ አንድ ልበ ቀና መምህር፣ አንድ የሚቆለፍ ክፍልና በሳምንት አንድ የተወሰነ ሰዓት ያገኘው ነው። ርዕሰ መምህራን ዐሥራ አምስት ክበብ ከመመዝገብ ለአምስቱ ሰዓት ቢመድቡ እመርጣለሁ። ሪፖርቱ ያጥራል፣ ሥራው ግን ይታያል።

የዓመቱ መዝጊያ የወላጆች በዓል ነው። ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ ይውላል። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ከእድር ይመጣል። ድራማው፣ ግጥሙ፣ ውዝዋዜው ሁሉ የክበባት ነው። እናቶች ልጃቸው መድረክ ላይ ስትወጣ እልል ይላሉ። ከበዓሉ በኋላ የ12ኛ ክፍሎቹ ይሰናበታሉ። ብሔራዊ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመሆኑ ብዙዎቹ ሻንጣ ይዘው ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት የሚኒ ሚዲያው ሰብሳቢ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይጠራና ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ያስገባዋል። የቱ ሽቦ ከየቱ እንደሚገጥም ያሳየዋል። አምፕሊፋየሩ ሲሞቅ ለ10 ደቂቃ አጥፋው ይለዋል። ከዚያ ቁልፉን ይሰጠዋል።