የፑንታ ዴል ኤስቴ ግዙፍ ጣቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኡራጓይ ዋና ከተማ ከሞንቴቪዴዎ በስተምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በፑንታ ዴል ኤስቴ፣ ፕላያ ብራቫ በተባለው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ አምስት ግዙፍ ጣቶች ከአሸዋ ውስጥ ብቅ ብለው ይታያሉ። ወደ ከተማዋ የሚመጣ ጎብኚ በጣቶቹ መካከል ቆሞ ፎቶግራፍ ሳይነሣ አይመለስም ማለት ይቻላል፤ ይሁንና ስለ ሐውልቱም ሆነ ስለ ባሕሩ ከሚነገረው ብዙው ትክክል አይደለም። ከስሕተቶቹ አንዳንዶቹ ጉዳት አያደርሱም፤ አንደኛው ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

«ሐውልቱ በዚያ ቦታ ሰምጠው ለሞቱ ሰዎች የቆመ መታሰቢያ ነው።»

ሐውልቱ «የሰመጠው ሰው መታሰቢያ» የሚል ቅጽል ስም ስላለው ብዙዎች ከአንድ አደጋ ጋር ያያይዙታል። እውነታው ግን ሌላ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በከተማዋ የዘመናዊ ቅርጻ ቅርጽ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ስብሰባ ሲካሄድ፣ ከተጋበዙት መካከል በዕድሜ ትንሹ የነበረው ቺሊያዊው ማሪዮ ኢራራሳባል፣ ሌሎቹ በአደባባዩ ላይ በሚሰጣቸው ቦታ ሲከራከሩ፣ እርሱ ወደ አሸዋው ወርዶ ሥራውን በዚያ ጀመረ። ለሥራው የተሰጠው ጊዜ ረዘም ያለ ቢሆንም በስድስት ቀን እንደጨረሰው ይነገራል። ለሐውልቱ የተሰጠው ርእስ «ወደ ሕይወት ብቅ የሚል ሰው» የሚል ሲሆን፣ ማዕበሉ በበረታበት ዳርቻ መቆሙ ደግሞ ለዋናተኞች ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ታስቦ ነው። ስለዚህ አንዱ ተመልካች የሚወለድ ሰው ሲያይ ሌላው የሚሰምጥ ሰው ቢያይ ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ እንደ እኔ አመለካከት የሥራው ታላቅነት ያለውም ሁለቱን ስሜቶች በአንድ ላይ በመያዙ ነው።

«በበረሃ መካከል ቆሞ የሚታየው እጅ ይኸው ነው፤ ከድንጋይ የተጠረበ ነው።»

በበረሃ ያለው እጅ የዚሁ ቀራጺ ሥራ ቢሆንም በሌላ አገር የሚገኝ ሌላ ሐውልት ነው። የቆመው በ1992 እ.ኤ.አ. በቺሊ አታካማ በረሃ፣ ከአንቶፋጋስታ ከተማ በስተደቡብ በሚገኝ ስፍራ ሲሆን ቁመቱ 11 ሜትር ነው። ሁለቱም ከድንጋይ አልተጠረቡም፤ የኡራጓዩ በብረት ዘንጎችና በሽቦ መረብ ላይ በተለሰነ ኮንክሪት የተሠራ ነው።

«ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት ቦታ ለመዋኘትም አመቺ ነው።»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ሕዝቡን የሚስበው ሐውልቱ እንጂ የውሃው ጸጥታ አይደለምና። ፕላያ ብራቫ በቀጥታ ለውቅያኖሱ የተጋለጠ በመሆኑ ከሩቅ የሚነሣው ማዕበል የሚያበርደው ነገር ሳያገኝ ዳርቻውን ይመታል። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውሃ አንዳንድ ጊዜ ተሰብስቦ በጠባብ መስመር ወደ ባሕር ይመለሳል፤ ይህ ጎታች ጅረት ብርቱ ዋናተኛን ሳይቀር በአጭር ጊዜ ከዳር ያርቃል። አደገኛ የሚያደርገው ደግሞ መልኩ ነው፤ በግራና በቀኝ ማዕበሉ ነጭ አረፋ እያስነሣ ሲሰበር፣ ጅረቱ ያለበት መስመር ግን ጸጥ ብሎ፣ በአሸዋ ደፍርሶ፣ አረፋውን ወደ ውስጥ እየወሰደ ይታያል፤ ልምድ የሌለው ሰውም ያንኑ ጸጥታ አይቶ በዚያ በኩል ይገባል። ጅረት የያዘው ሰው በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ ቢታገል ጉልበቱን ከመጨረስ በቀር ትርፍ የለውም፤ ሳይደናገጥ መንሳፈፍ፣ እጁን አንሥቶ እርዳታ መጠየቅ፣ አቅም ካለውም ከዳርቻው ጋር ትይዩ እየዋኘ ከጅረቱ መውጣት አለበት። የነፍስ አድን ሠራተኞች አረንጓዴ ባንዲራ ሲሰቅሉ መዋኘት ይቻላል፤ ቢጫው ጥንቃቄን ያመለክታል፤ ቀዩ መግባት መከልከሉን ያሳውቃል።

«ከተማዋ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ባሕር ነው ያላት።»

ፑንታ ዴል ኤስቴ የተሠራችው ወደ ባሕር በሾለ ቀጭን ልሳነ ምድር ላይ ነው። በአንድ በኩል ውቅያኖሱ ሲሆን በሌላው በኩል ፕላያ ማንሳ የተባለው ዳርቻ ወደ ሪዮ ዴ ላ ፕላታ ሰፊ የወንዝ አፍ ይመለከታል፤ ኡራጓይና አርጀንቲና በ1973 እ.ኤ.አ. በተፈራረሙት ስምምነት መሠረትም የወንዙና የውቅያኖሱ ወሰን የሚነሣው ከዚሁ ነጥብ ነው። በማንሳ በኩል ማዕበሉ በአብዛኛው የረጋ በመሆኑ ልጆች ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦች ፎቶግራፉን በብራቫ ተነሥተው፣ ለመዋኘት ግን በእግር ተሻግረው ወደ ማንሳ ቢሄዱ ይሻላቸዋል።

«ሐውልቱ የሚያምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።»

በብራቫ በኩል ፀሐይ ከውቅያኖሱ ትወጣለች እንጂ ወደ ውቅያኖሱ አትጠልቅም፤ ስትጠልቅ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ማንሳ መሄድ አለበት። ማለዳ የሚመጣ ጎብኚ ጣቶቹን ያለ ግፊያ ያገኛቸዋል፤ ነገር ግን የነፍስ አድን ሠራተኞች ሥራ ባልጀመሩበት ሰዓት ወደ ውሃው መግባት የለበትም።

«ለመግቢያ ይከፈላል፤ በጁላይ መሄድም ጥሩ ነው።»

ዳርቻው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አጥርም ሆነ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ወቅቱን በተመለከተ ኡራጓይ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለምትገኝ ሞቃቱ ጊዜ ከዲሴምበር እስከ ማርች ድረስ ነው። በጁላይ የሚሄድ ሰው ብርድና ኃይለኛ ነፋስ ስለሚጠብቀው ጉዞውን ለመዋኘት ሳይሆን ሐውልቱን ለማየትና በዳርቻው ለመንሸራሸር ቢያቅድ ይመረጣል።