«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል»

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህን አባባል የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንድ ቦታ የማይረጋ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ከቤት ቤት የሚዞር ሰው ይተረትበታል። ጉልበቱን ሰው አገር አፍስሶ ለራሱ ጎጆ ላልቀለሰም ይባላል።

የተቀዳው ከክረምቱ አባይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዙ ደፍርሶ ሲሞላ፣ ከዳር የነቀለውን ዛፍ ከነሥሩ እያንከባለለ ይወስዳል። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው። ግንድ ያገኘ ሰው ምሰሶ ያቆማል፣ ማገር ይማግራል፣ ቤት ይሠራል። አባይ እንጨቱ ሞልቶለት ማደሪያ አጣ።

ለእኛ ለሸዋዎቹ ወንዙ የሩቅ አይደለም። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ደግሞ አባይ። ከጣርማ በር ወዲያ፣ በገደሉ በኩል የወረደው ዝናብ ግን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ወደ አዋሽ ይሄዳል።

አዋሽ ማደሪያ አለው። ማደሪያውን ያየሁት ወደ ጅቡቲ ስበር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተን ብዙም ሳንቆይ የደጋው ማሳ በገደሉ ጫፍ ድንገት አበቃ። ከታች ጭው ያለ በረሃ ተዘረጋ። የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣ የደረቀ የጎርፍ መንገድ፣ አቧራ ያለበሰው ሜዳ። አንድ ጎጆ እንኳ ለማየት ግንባሬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ፈለግሁ፤ አጣሁ። በዚያ ሁሉ መሃል አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ትጠማዘዛለች። አዋሽ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ውሃውን ፀሐይ ትጠጣዋለች፤ ዳርቻው ላይ ነጭ ጨው ይቀራል። አንጀቴን በላው። ከእኛ ገደል የወረደው የከሰም ውሃም በአዋሽ በኩል መንገዱ ወደዚያው ነው።

ማደሪያ ማግኘት ብቻውን እንደማይበቃ ያየሁት ያኔ ነው። ስለዚህ ለሥራ ጅቡቲና ዓረብ አገር የሄዱ ልጆችን በዚህ አባባል ሲሸነቁጧቸው ስሰማ በጣም ይከፋኛል። ግንዱን ወደ ቤት እየላኩ ለእናታቸው ቆርቆሮ ቤት ያቆሙ ብዙ ናቸው። አባባሉ የሚያምርብኝ ሰው በራሱ ሲተርተው ነው። ኪራይ ተጨምሮበት ፍራሹን አይሱዙ ላይ የሚጭን ሰው «እንግዲህ አባይ ማደሪያ የለው» ሲል፣ አጠገቡ ያለው ሁሉ ተነስቶ አልጋውን ያሸክመዋል።