ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ነገሩ ካለፈ በኋላ ለሚንጫጫ ሰው የሚተረት ነው። ሌባው ካመለጠ በኋላ ዱላ ለሚያነሳ፣ ስብሰባው ላይ ድምፁን አጥፍቶ ሻይ ቤት ሲገባ አንበሳ ለሚሆን። ብዙ ጊዜ «ዘገየህ» ለማለት እንጠቀምበታለን። እኔ ግን ከመዘግየቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የሚታየኝ።

ምንጩ የገጠር ሌሊት ነው። ጅብ ውሻ ይበላል። በረቱን ሲዞር ውሻው ከሰው ቀድሞ ሽታውን ያገኘዋል፤ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ወሽቆ ከበሩ ሥር ይለጠፋል። (ደፋር ውሻም አለ፤ ተረቱ የወጣው ግን ለእሱ አይደለም።) ኮቴው ሲርቅ ነው ግቢውን በጩኸት የሚያናውጠው። እንግዲህ ውሻው ተኝቶ አልነበረም። አሽትቷል፣ አውቋል፣ ዝም ብሏል።

ይህ የገባኝ መንገድ ላይ ፎቶ ማንሳት ስጀምር ነው። አንድ ክረምት ፒያሳ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን በብብቱ ሸጉጦ ያቆረውን ውሃ ሲዘል አየሁት። ፀሐይዋ ብቅ ብላ አስፋልቱ ያንጸባርቃል። ካሜራው አንገቴ ላይ ነው፤ የሌንሱ ክዳን ግን አልተነሳም። ክዳኑን አንስቼ፣ አብርቼ ሳነጣጥር ልጁ መንገዱን ተሻግሯል። ኩሬውን አሥር ጊዜ አነሳሁት። እውነቱን ለመናገር ክዳኑ ሰበብ ነው፤ «ለምን ታነሳኛለህ?» መባልን ፈርቼ ነው ከጠዋት ጀምሮ ያልከፈትኩት።

እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ውስጥ፣ ከሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲየ ብሬሶን ኩሬ የሚዘል ሰው አንስቷል። የሰውየው ተረከዝ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ፎቶው የተነሳው በአጥር ቀዳዳ ነው፤ ሌንሱ በደንብ ስላልገባ የምስሉ ግራ ጠርዝ በጣውላው ተሸፍኖ ነበር፣ በኋላ ተቆርጧል። እሱ ራሱ ሰውየው ሲዘል እንዳላየውና ዕድል እንደሆነ ተናግሯል። ይሁን፤ ዕድል ነው። ሌንሱን ቀዳዳው ውስጥ የከተተው ግን ዕድል አልነበረም።

አሁን ከቤት ሳልወጣ የ35 ሚሊሜትር ሌንሴን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ጠበብ አድርጌ (ኤፍ 8 በሚባለው መጠን) ፎከሱን 3 ሜትር ላይ እተወዋለሁ። በዚህ ከ2 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ለመጫን እንጂ ለማስተካከል ጊዜ አይፈጅም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ተረት ለጠብና ለዕርቅ ቢነገርም፣ ለእኔ ሥራም ልክ ይመጣል።

ያን ቀን ማታ አሥሩን የኩሬ ፎቶዎች ለጓደኛዬ አሳየሁት። አንድ በአንድ አገላብጦ ሲጨርስ ካሜራውን መለሰልኝና «ጩኸቱስ ጥሩ ነው» አለኝ።