ስለ ገበሬው ገበያ፣ ማዳበሪያና መሬት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ላይ የጤፍ ዋጋ በጨመረ ቁጥር «ገበሬው ከበረ» የሚል ወሬ ይከተላል። ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደው አመለካከት ይህ ስለሆነ፣ ረዘም አድርጎ መመለስ ይገባል።

ጤፍ መታጨድ የሚጀምረው ኅዳር ገደማ ነው። የማዳበሪያው ዕዳ፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውና የጥር ሠርግ ወጪ ተደራርበው የሚመጡትም በዚያው ሰሞን በመሆኑ፣ ትንሽ ማሳ ያለው አርሶ አደር እህሉን ለገበያ የሚያወጣው ጎረቤቱ ሁሉ በሚያወጣበትና ዋጋው በወረደበት በታኅሣሥና በጥር ነው። እህሉን በአህያ ጭኖ ገበያ የወጣ ሰው ከነጋዴው ሚዛን ፊት ቆሞ «ዋጋው አልተስማማኝም» ቢል እንኳ፣ ዕዳው ቤቱ ድረስ ስለሚጠብቀው ጭነቱን ይዞ መመለስ አይሆንለትም። እህሉ ከዚያ በሰብሳቢ፣ በደላላና በጅምላ ነጋዴ እጅ አልፎ፣ በየኬላው ተከፍሎበት የአዲስ አበባው የእህል ገበያ እህል በረንዳ ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋጋው ሲንር ጎተራው የተራቆተው ገበሬ ራሱ ሸማች ሆኖ፣ በርካሽ የሸጠውን ዓይነት እህል በውድ ይገዛል። እህልን መጋዘን አስገብቶ በደረሰኙ መበደር የሚያስችል አዋጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ለአነስተኛ የጤፍ አምራች ደጅ አልደረሰም። በእኔ እምነት ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

«ዋጋውን መንግሥት ይተምናል» የሚሉም አሉ። ይህ በደርግ ዘመን እውነት ነበር፤ አርሶ አደሩ የተመደበበትን ኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ያስረክብ ነበር። የኮታው ግዴታ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ሌላው «ማዳበሪያ ለገበሬው በነጻ ይታደላል» የሚለው ነው። መንግሥት በድጎማ የዋጋውን ከፊል የሸፈነባቸው ዓመታት ቢኖሩም፣ ቀሪውን ገበሬው በጥሬ ገንዘብ ወይም በብድር ይከፍላል። ማዳበሪያው በዋናነት በጅቡቲ ወደብ በኩል ከውጭ ስለሚገባ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅና ብር ሲዳከም ጫናው እስከ ቀበሌ ድረስ ወርዷል። ከዋጋው እኩል የሚጎዳው ደግሞ መዘግየቱ ነው፤ በቆሎ ተዘርቶ ካበቃ በኋላ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የሚራገፍ ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ለዚያ ዓመት በቆሎ አይደርስም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል አርሶ አደሮች አደባባይ የወጡት በዚሁ እጥረት ነበር።

መሬትን በተመለከተ «የመንግሥት ስለሆነ ገበሬው ምንም መብት የለውም» ይባላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመሬትን ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ ሰጥቶ መሸጥ መለወጥን ቢከለክልም፣ አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው በዚያው አንቀጽ ደንግጓል። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬቱን ለዘለቄታው ሲለቅና ምትክ ሳያገኝ ሲቀር የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የ5 ዓመት አማካይ ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አድርጎታል። ተነሺው ይህን ሳያውቅ የቀረበለትን ወረቀት ከፈረመ የሚያጣው ብዙ ነው፤ ስሌቱ በየትኛው ዓመት ገቢ እንደተሠራ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

«የገጠር መሬት ለብድር ዋስትና አይሆንም» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል። አዋጅ ቁጥር 456/1997ን የተካው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የይዞታ ደብተር ያለው አርሶ አደር የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር አበዳሪው የሚያገኘው በማሳው ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብትን ብቻ ነው፤ ይዞታው የገበሬው እንደሆነ ይቆያል። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ከተለጠፈ መብቱ የሁለቱም ስለሆነ፣ አንዱ ብቻውን ሊያስይዘው አይገባም።