ውሻው አልተበላሸባችሁም

አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከመንገድ ያነሱትን ውሻ ይዘው ከሚመጡ ሰዎች የምሰማው አንድ ነገር አሰልችቶኛል፦ «ዶክተር፣ መጀመሪያ ጨዋ ነበር፣ አሁን ተበላሸ።» የእሱ መልስ ሰፋ ስለሚል መጀመሪያ ስለ መንገድ ውሻ የሚወሩትን ትንንሽ ተረቶች እንጨርስ።

«የመንገድ ውሻ ሁሉን ስለለመደ ክትባት አያስፈልገውም።» የእብድ ውሻ በሽታ የሚለመድ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ይከተብ።

«በርበሬ ካበሉት ኃይለኛ ይሆናል።» ሆዱን ያቃጥለዋል፣ በቃ።

«በትርፍራፊ ያደገ ውሻ ምንም አይነካውም።» ወጥ ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ ሲደጋገም ደም ማነስ ያመጣል። እንጀራውን ስጡት፣ ወጡን ተዉት። በዓል ሲመጣ ደግሞ የታረደውን በግ ጥሬ ሳንባና ጉበት እየወረወራችሁ አታብሉት። ሳንባው ወይም ጉበቱ ውሃ የቋጠረ እጢ ካለበት ውሻው ትል ይይዘዋል፣ የትሉ እንቁላል ደግሞ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆቻችሁ እጅ ይመጣል።

አሁን ወደ «ተበላሸ» እንምጣ። ውሻው በመጣ ሰሞን ጥግ ይዞ ይተኛል። አይጮህም፣ ሲነኩት ዝም ነው። ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ በማግስቱ ይታጠባል፣ ልጆች ያቅፉታል፣ ጎረቤት እየመጣ ያየዋል። እሱ ግን ፈርቶ ነው ዝም ያለው። የትኛው ሥጋ ቤት አጥንት እንደሚጥል፣ የትኛው ዘበኛ ድንጋይ እንደሚወረውር አሳምሮ የሚያውቅ ውሻ ነበር፤ አሁን በር ተዘግቶበት የማያውቀው ሽታ መሀል ተቀምጧል። ልብ ብላችሁ ብታዩት ጅራቱን ሆዱ ሥር ሸጉጧል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ምግቡንም የሚነካው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው።

ሳምንታት አልፈው ፍርሃቱ ሲቀለው መጮህ ይጀምራል፣ ጫማ ያኝካል፣ ሲበላ ሰው ከተጠጋው ያጉረመርማል። ተሻለው እንጂ የት ተበላሸ! 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚባል ግምት አለ፦ መጀመሪያ ድንጋጤው ይበርድለታል፣ ቀጥሎ የቤቱን ሥርዓት ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ ቤቴ ይላል። ግምት ነው እንግዲህ፣ ከዚያም በላይ የሚቆይ አለ።

አንዲት ደንበኛዬ «ልጄ ላይ አጉረመረመ፣ ውሰዱልኝ» ብላ መጣች። የት ነው የሚውለው ስላት የግቢው በር ሥር ታስሮ። «ካልታሰረ ጠባቂ አይሆንም» ብለዋታል፤ ይሄም ሌላው ተረት ነው። መኪና ሲገባ፣ ቆራሌው ሲጣራ፣ የሰፈር ልጅ ቆርቆሮውን በዱላ ሲደበድብ ውሻው መሸሻ የለውም። መሸሽ ያልቻለ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። ከጓሮ ጥላ ያለው ቦታ ሰጡት፣ ሰንሰለቱን ፈቱለት፣ አንድ ሰው ብቻ በሰዓቱ እያበላው ሲበላ ማንም አይጠጋውም ተባለ። ዛሬ ያንኑ ልጅ ተከትሎ ሱቅ ድረስ ይሄዳል፣ በማሰሪያ ነው ታዲያ።

ደግሞ አጉረመረመ ብላችሁ እንዳትመቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በዱላ ዝም ካሰኛችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። እንግዳ ሳይበዛበት አንድ ሁለት ሳምንት ተዉት፤ ርችት በሚተኮስበት ሌሊት ደግሞ ቤት ውስጥ ይደር፣ ብዙ ውሻ የሚጠፋው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ግን የጸባይ ለውጥ ሁሉ ደህና ነው ማለቴ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሳያሳይ ሳምንታትና ወራት ሊደበቅ ይችላል። «ውሃ ስለጠጣ አላበደም» የሚለውን እርሱት፤ ውሃ መፍራት በሰው ላይ እንጂ በውሻ ላይ የሚታይ ምልክት አይደለም። ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ፣ ዘግታችሁበት ሐኪም ጥሩ። ሰው ከነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ። ጠበሉም ካላችሁ ከክትባቱ ጋር ይሁን፤ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም። ደህና የሚመስለውን ውሻ ደግሞ ተናዳችሁ አትግደሉት፤ ለ10 ቀን ተለይቶ በሐኪም ይታይ።