በጎጃም የፊደል አጻጻፍ ክርክር

በጎጃም መንገዶች ላይ ማስታወቂያ እያነበበ የሚሄድ ሰው የአንድ ከተማን ስም በሁለትና በሦስት መልክ ያገኘዋል። ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባህርዳር። ብቸና እና ቢቸና። እንጅባራ እና እንጂባራ። የቀድሞው ክፍለ ሀገር ራሱ ጎጃምም ጐጃምም ተብሎ ተጽፏል። «ትክክለኛው የቱ ነው?» የሚለው ጭቅጭቅ ከሦስት ምንጭ ይቀዳል። ሦስቱን መደባለቁ ነው ነገሩን የሚያከርረው።

የቆየው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። አማርኛ ሀን፣ ሐን እና ኀን በአንድ ድምፅ ያነባል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በግዕዝ ግን ፊደሉ ሲለወጥ ትርጉሙም ሊለወጥ ይችላል። ሠረቀ የፀሐይ መውጣት ነው፤ ሰረቀ ያው ሌብነት። መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ደግሞ ይቅር አለ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ጎጃም ላይ የከበደው በምክንያት ነው። ዋሸራና ጎንጅ የተባሉት የቅኔ ቤቶች መነሻቸው እዚህ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስና መርጡለ ማርያምም በትምህርት የታወቁ ደብሮች ናቸው። ትምህርቱ በአብዛኛው በቃል ነው፤ ጆሮ ደግሞ ሁለቱን ሰ አይለይም። ስለዚህ ፊደሉ በስሙ ይጠራል። «በንጉሡ ሠ ነው» ወይም «በእሳቱ ሰ ነው» ይባላል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ የሚሉት ስሞችም ለዚሁ ያገለግላሉ። በዚህ ያለፈ ሰው «ሥዕል» በእሳቱ ሰ ተጽፎ ሲያይ ቢከፋው አይፈረድበትም። ሠዐለ ሣለ ነው፤ ሰአለ ለመነ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ክርክር የ1948ቱ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጥሩ ዳኛ ነው።

የሚገርመው፣ ከእነዚሁ ጉባኤ ቤቶች የለውጥ ደጋፊም ወጥቷል። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ የአጻጻፍ መሻሻልን ይደግፉ ነበር። በ1958 በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚጠብቁ ፊደላትን ከላይ ነጥብ እያደረጉ አመልክተዋል። ልማዱ ብዙ ተከታይ አላገኘም። በ1964 የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋምም የፊደል ማሻሻያ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ እሱም አገር አቀፍ ደንብ ሆኖ አልጸናም።

ሁለተኛው ምንጭ የአነጋገር ዘዬ ነው። የጎጃም ሰው «በልቸ መጣሁ»፣ «ሄጀ ነበር»፣ «እሽ»፣ «እንጅ» ይላል፤ እንደሚናገረውም ይጽፋል። አዲስ አበባ «በልቼ»፣ «ሄጄ»፣ «እሺ»፣ «እንጂ» ትላለች። እንጅባራና እንጂባራም እዚሁ ይመደባሉ። እዚህ ላይ ግዕዝ አይዳኝም፤ መዝገበ ቃላትም ብዙ አይረዳም። «በልቸ» ላይ ቀይ ብዕር ማሳረፍ ግን ልክ አይመስለኝም። ጎንደርም ድረስ ሰው የሚናገረው አማርኛ ነው፤ ስህተት የሚባልበት ምክንያት የለም። መታረም ያለበት በአንድ ገጽ ላይ አንዴ «በልቸ»፣ አንዴ «በልቼ» ሲባል ነው።

ሦስተኛው ከእንግሊዝኛ የመጡት ቃላት ናቸው። ዩኒቨርሲቲና ዩኒቨርስቲ፣ ኮምፒውተርና ኮምፒዩተር ጎን ለጎን ይኖራሉ። እንግሊዝኛው ራሱም ቢሆን አልተስማማም። ብሪታንያና አሜሪካ «ቀለም» የሚለውን ቃል በተለያየ ፊደል ይጽፉታል፤ የአሜሪካው በአንድ ፊደል ያጥራል። ይህን አጭር መልክ በማስለመድ የኖህ ዌብስተር የ1828 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላት ትልቅ ድርሻ አለው። በየአገሩ የሚታተሙት መዝገበ ቃላት ሁለቱንም መዝግበው የየትኛው አገር እንደሆነ ይነግራሉ። ለእኛም «ብቸና» እና «ቢቸና»ን እንዲህ አድርጎ የሚመዘግብ ሥራ ያስፈልገናል።

ጉዳዩ ዛሬ ከምሁራን ክርክር ወጥቶ ኑሮ ውስጥ ገብቷል። ለአንባቢ ሐ እና ሀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ኮዶች ናቸው። በመታወቂያው «ዓለሙ»፣ በትምህርት ማስረጃው «አለሙ» የተባለ ሰው ስሙ ተፈልጎ ሊታጣ ይችላል። «ጸሐይ» እና «ፀሐይ»ም ሁለት ሰው ሆነው ሊቆጠሩ ይችላሉ። መፍትሔው ለፕሮግራም ሠሪ ከባድ አይደለም። ሲፈለግ ሞክሼዎቹ እንደ አንድ ይታዩ፤ ሲጻፍ ግን የባለቤቱ ፊደል ሳይነካ ይቀመጥ።